እኔ በኪያር፣ እሷ በብስኩት

ሰው በሰው ቤት ይቀናል፣ በሰው ትዳር ይቀናል፣ በሰው ልጅ ይቀናል። እኔ የቀናሁት በጓደኛዬ ወገብ ነው። ልትስቁ ትችላላችሁ፤ እኔም ዛሬ ዛሬ እስቃለሁ። ያ ቅናት ግን አንድ ቀን ጎግ ወረዳ ድረስ ተከትሎኝ ሄዶ ያሳየኝን ነገር እስክነግራችሁ ታገሡኝ።

ዘሃራ እባላለሁ። ወላጆቼ በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው አቦቦ አጠገብ መሬት የተሰጣቸው ገበሬዎች ናቸው። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የትምህርት ሥራ ክትትል ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሰይድ የሚባል የሒሳብ መምህር አገባሁ፤ ሁለት ልጆች ወለድን። ልጅ እያለሁ በቆሎ ስኮተኩትና ውሃ ስቀዳ እውል ስለነበር ቀጭን ነበርኩ። ከሁለተኛው ልጄ በኋላ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋሉ፣ ረፋድ ላይ ከሻይ ጋር ቦምቦሊኖው፣ ከሰዓት ደግሞ ሳምቡሳው ሲደራረብ ቀሚሶቼ አንድ በአንድ ከዱኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋ ጀመር።

ቢሮ ውስጥ ትይዩዬ የምትቀመጠው አሪየት ነበረች። የአኙዋ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ሙሉ ሰውነት ያላት፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ። አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ቃሉን መርጣ፣ አጠር አድርጋ ነው የምትናገረው። ቦምቦሊኖውንም ሳምቡሳውንም የምንገዛው አብረን ነበር። አንዷ ስትወፍር ሌላዋም ትወፍራለች፤ ስለዚህ ማንም በማንም አይቀናም። ደግ ዘመን ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የጤና ባለሙያ ቢሯችን መጥታ የሠራተኛውን ክብደትና የደም ግፊት ለካች። እኔና አሪየት ተከታትለን ሚዛኑ ላይ ወጣን። ቁጥሩን አልነግራችሁም። ባለሙያዋ ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጣ መከረችን።

«ምሳና እራታችሁን አትዝለሉ። እናንተን የጎዳችሁ በመሃል የምትቀማምሱት ነው። ለመክሰስ የተጠበሰውንና ለስላሳውን ተዉት። ኪያር፣ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እፍኝ ኦቾሎኒ ይበቃል። ክብደት የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ነው፤ አትቸኩሉ።»

እኔና አሪየት እጅ ለእጅ ተማተን ተስማማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦምቦሊኖ ይዛ የምትመጣዋን ሴት በር ላይ ስናያት አንገታችንን ደፍተን መጻፍ ጀመርን።

እኔ ቃሌን ጠበቅኩ። ማታ ኪያሩን አጥቤ፣ ቆራርጬ፣ ጨውና ሎሚ ነካ አድርጌ በሳህን ከድኜ አሳድራለሁ። ኦቾሎኒዬን በዘይት ሳልጠብስ፣ እንዲያው በደረቁ ቆልቼ እይዛለሁ። ችግሩ፣ «እፍኝ» የተባለው በአንድ እጅ ይሁን በሁለት እጅ አልጠየቅኩም ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ እጄ ከላስቲኩ ወደ አፌ ሲመላለስ ይውላል፤ ላስቲኩ ባዶ ሲሆን ነው የማቆመው። ያ ወቅት ደግሞ የማንጎ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ በማንጎ ጊዜ ማንጎ አለመብላት እንዴት ይሆናል? ፍራፍሬ ጤና ነው እያልኩ ጭማቂው እስከ ክርኔ እስኪወርድ እበላለሁ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ወደ ላይ ፈቀቅ ብሎ አገኘሁት።

አሪየት መጀመሪያ አካባቢ ኪያሯን ትበላ ነበር። ከዚያ ተወችው። ሳትደብቅ፣ ፊት ለፊቴ፣ ብስኩት ከፍታ መብላት ጀመረች። አጠገቡ ለስላሳ።

«ምነው አሪየት? ቃላችንስ?» አልኳት።

«ራበኝ፣ ዘሁ። በልቼ ሳልጨርስ ይርበኛል። ደግሞ ውሃ ጥም አለ» አለችና ጠርሙሱን አንስታ ጨለጠችው።

በሆዴ፣ «ብይ፣ ሚዛኑ ላይ እንገናኛለን» አልኩ። ሚዛኑ ላይ ተገናኘን። እሷ ቀንሳለች።

እንዴት እንደተሰማኝ የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው። እኔ በኪያር ባለሁበት ቆሜ፣ እሷ በብስኩት ከሳች። መጀመሪያ ጉንጯ ጎደጎደ፤ አጥንቷ ወጣ፤ ዓይኗ ትልቅ ትልቅ ሆነ። ከዚያ ወገቧ መጣ። ቀሚሷን ልብስ ሰፊ ጋር ወስዳ አስጠበበች፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ሰፋባት። ኮሪደሩ ላይ ስታልፍ ሁሉም «አሪየት! አማረብሽ! ምስጢሩን ንገሪን እንጂ!» ይላል። እሷ ትስቃለች። እኔን ማንም ምንም አይለኝም። አንድ ባልደረባችን ብቻ ኪያሬን አይቶ «ዘሃራ፣ ጥንቸል ሆንሽ እኮ» ብሎኛል።

ጠየቅኳት። «እውነቱን ንገሪኝ። ኪኒን ትወስጃለሽ?»

«ምንም አልወስድም።»

«ታዲያ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ እንጃ። ዝም ብሎ ይወርዳል።»

ዝም ብሎ ይወርዳል! ከዚህ የበለጠ የሚያቃጥል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ቤቴ ሄጄም አላረፍኩም። አንድ ቀን ሰይድ ከገበያ ሲመለስ፣ «ያቺ ጓደኛሽ አሪየት ናት እንዴ? አላወቅኳትም እኮ። ልጃገረድ መስላለች» አለኝ። የዚያን ቀን እራቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሳህኑ ጮኸ። «ምን ሆንሽ?» አለ። «ምንም» አልኩት። እሱ ልጆቹን የቤት ሥራ ያሠራል፤ እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ ማንጎ እየላጥኩ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ አሪየትን መከታተል ሥራዬ ሆነ። ምን እንደበላች፣ ስንት ጠርሙስ ውሃ እንደጠጣች፣ በቀን ውስጥ ስንቴ ወደ ሽንት ቤት እንደተመላለሰች፣ ቀበቶዋ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደደረሰ አውቃለሁ። ምስጢሯን ካገኘሁ ወይ እኔም አደርገዋለሁ፣ ወይ አጋልጣታለሁ ብዬ ነበር። ከሁለቱ የትኛውን የበለጠ እንደምፈልግ ግን አላውቅም ነበር።

ጎግ ላይ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ለሥራ ክትትል እንድንሄድ ሲታዘዝ እንዲህ ባለ ሆድ ነበር ከአሪየት ጋር አንድ መኪና ውስጥ የገባሁት። ሾፌራችን ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ጨዋታ የሚወዱ፣ የክልሉን መንገድ እንደ ግቢያቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«እህ፣ አሪየት፣ ዛሬ ደግሞ የት ልትጠፊ ነው? በዚህ ዓይነት መኪናውን ነፋስ ቢገባው ይዞሽ ይሄዳል» ብለው ሳቁ።

አሪየት ፈገግ ብላ ኋላ ወንበር ላይ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። ትልልቅ የውሃ ጠርሙሶችና ብስኩቷን ይዛለች። እኔ ኪያሬን በሳህኔ። መስኮቱን ዝቅ አደረግን፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ እንደ እሳት ነው። ከከተማ ከወጣን ብዙም ሳይቆይ አንድ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን ነካው። ከእሷ ነው የሚመጣው። ሽቶ ቀይራለች ማለት ነው፤ አልኩ በሆዴ። ወገብ ሲመጣ ሽቶ ይከተላል።

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ባዶ አደረገቻቸው። «ጋሽ ደምሴ፣ እባክዎ ያቁሙልኝ» ትላለች፤ ወርዳ ከቁጥቋጦ ኋላ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች። ትንሽ እንሄድና እንደገና «ያቁሙልኝ።»

«ይሄን ሁሉ ውሃ ከጠጣሽ ምን ታደርጊ» አልኳት፣ ከንፈሬን ነክሼ።

«ጠማኝ፣ ዘሁ። ሙቀቱ ነው።»

አቦቦ ስንደርስ እናቴ ቤት ጎራ አልን። እናቴ በረንዳ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ተነስታ ሳመችን። እኔን አገላብጣ ከሳመች በኋላ አሪየትን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አሪየትን ከዓመታት ጀምሮ ታውቃታለች።

«ልጄ፣ ምነው? አሞሻል እንዴ?» አለቻት።

አሪየት አፏን ከፈተች። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ በዓይኔ አይቻታለሁ። እኔ ግን ቀደምኳት።

«እማ፣ አላመማትም። ሆን ብላ ነው የከሳችው። የዛሬ ሰው መክሳት ነው የሚፈልገው።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «ሰው ሆን ብሎ ይከሳል? አላህ ይጠብቅ» ብላ ወተት አመጣች። አሪየት አፏን ዘጋች። ወተቱን ቀመስ አድርጋ ኩባያውን መሬት አስቀመጠችው።

ከአቦቦ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ ሣሩ ተቃጥሎ ሜዳው ጥቁር ሆኗል። አቧራው በመስኮት ይገባል። አሪየት ራሷን መስኮቱ ላይ ደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። መሃል መንገድ ላይ በድንገት የጋሽ ደምሴን ወንበር ያዘች።

«ያቁሙ! አሁን!»

መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ወረደች። እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ። ከአንድ ግንድ ኋላ ጎንበስ ብላ ታስመልሳለች። ድምፅ እንዳታሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች፤ ሲያልፍላት አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች፤ ፊቷን አጠበች።

እዚያው አቧራው ላይ ቆሜ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልረሳውም። ደስታ ነበር። «አገኘሁሽ!» አልኩ በሆዴ። ምስጢሯ ይሄ ነው። ትበላለች፣ ከዚያ ታስመልሳለች። ብስኩቱም ለስላሳውም ሆዷ ውስጥ አያድርም። እኔ ኪያሬን እያላመጥኩ ስሰቃይ እሷ እንዲህ እያደረገች ሁሉን ሰው ታታልላለች።

ወደ መኪናው ስትመለስ መንገዷ ላይ ቆምኩ።

«እንግዲህ አወቅኩ፣ አሪየት።»

«ምኑን?»

«ምስጢርሽን። በልቶ ማስመለስ። ለዚህ ነው አይደል እነሱ ሁሉ አማረብሽ የሚሉሽ?»

አየችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም።

«ዘሁ» አለች፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ «ሆን ብዬ አይደለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው። ሆዴን አሞኛል።»

«እሺ» አልኩ። «እሺ» ያልኩት ግን አላመንኩሽም በሚለው ድምፅ ነው። ገብተን ሄድን።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ አሪየት፣ «ዘሁ፣ ትንሽ ልተኛ። ጀምሪ፣ እመጣለሁ» አለች። ዛፍ ጥላ ሥር በቆመው መኪና ውስጥ ጥያት ገባሁ። ክፍል ለክፍል የዞርኩት፣ ከመምህራኑ ጋር የተወያየሁት ብቻዬን ነው። ርዕሰ መምህሩ «ሌላዋ ባለሙያስ?» ሲለኝ፣ «ደክሟት ተኝታለች» አልኩ። በሆዴ ግን፣ «ቆንጆ ሴት ትተኛለች፤ ወፍራም ሴት ትሠራለች» እያልኩ ነበር። ሻይና የተቆላ በቆሎ ሲቀርብልኝም ለእሷ እንዲላክላት አላልኩም።

ወደ መኪናው ስመለስ ጋሽ ደምሴ በሩን ከፍተው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ጨዋታ የለም።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ነገር አላማረችኝም። ርቧት ነው ብዬ ለስላሳ ገዝቼ ሰጠኋት። ጠጣችው። ባሰባት።»

አሪየት ኋላ ወንበር ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ክፍት ነው፤ የሚያይ ግን አይመስልም። ደረቷ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ሩጫ የጨረሰች ሰው ይመስል በጥልቀት፣ ሳታቋርጥ ትተነፍሳለች። ያ ጣፋጭ ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ ስጠጋት ሽቶ እንዳልሆነ ገባኝ። ከአፏ ነው የሚመጣው። ዛፍ ሥር ወድቆ ፀሐይ ያገኘው፣ መበስበስ የጀመረ ማንጎ ዓይነት ሽታ።

«አሪየት! አሪየት!»

እጄን ያዘችና በአኙዋ ቋንቋ አናገረችኝ። ከተናገረችው የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አባንግ።» የታላቅ እህቷ ስም ነው። እኔ አባንግ መስዬአታለሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ጤና ጣቢያ!» አልኩ፤ ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። ኡጁሉ የሚባል ወጣት ነርስ ተቀበለን። በአኙዋ ቢያናግራት መልሷ የተሰባበረ ነው። ወዲያው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«አንቺ ምኗ ነሽ?»

«ጓደኛዋ ነኝ» አልኩ።

«አብረሽ ነው የምትውዪው? ልጠይቅሽ። ከስታለች?»

«አዎ። በጣም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኩት። ጉንጯ መቼ እንደጎደጎደ፣ ቀሚሷ መጀመሪያ መቼ እንደተጠበበ፣ ሁለተኛ መቼ እንደሰፋባት።

«ውሃ ትጠጣለች?»

«ጠርሙስ አይበቃትም። ዛሬ ብቻ የያዘችውን ሁሉ ጨርሳለች።»

«ሽንትስ?»

«መንገዱን ሁሉ ስንቆም ነው የመጣነው። ቢሮም እንደዚሁ ናት።»

«ትበላለች?»

«ትበላለች። በልታ ሳትጨርስ ይርበኛል ትላለች።»

ነርሱ መጻፉን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። «እግዜር ይስጥሽ። ታማሚን እንዲህ አድርጎ የሚከታተል ቤተሰብ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ከተሰደብኳቸው ስድቦች ሁሉ ያ ምስጋና የባሰ አቃጠለኝ። እውነት ነው፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ባሏ፣ እህቷ፣ አለቃችን ያላየውን እኔ አይቻለሁ። ሕመሟን አንድ በአንድ ስቆጥር ከርሜያለሁ፤ ዕድል መስሎኝ።

ነርሱ ጣቷን ወግቶ ደሟን በትንሿ የስኳር መለኪያ አየ። እንደገና ወግቶ አየ። መለኪያውን ወደ እኔ አዞረው፤ ቁጥር የለበትም።

«ከሚያነበው በላይ ነው። ስኳር አላት፤ ደሟ ተመርዟል። እዚህ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ ልጀምርላት እችላለሁ፤ ከዚያ ሆስፒታል መግባት አለባት። ዛሬውኑ።»

«ስኳር? እሷ እኮ... እሷ እኮ ቀጭን ናት!»

«ስኳር እኮ ያከሳል፣ እህቴ» አለ፣ ክንዷ ላይ የደም ሥር እየፈለገ። «ሰውነቷ የበላችውን መጠቀም አቅቶት ራሱን እየበላ ነው።»

አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቶ ስለነበር ኡጁሉ ራሱ በእኛ መኪና አብሮን ገባ። ጋሽ ደምሴ ያን መንገድ ያን ቀን እንዴት እንደነዱት እሳቸውም ዛሬ አያምኑም። እኔ የፈሳሹን ላስቲክ በእጄ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። እጄ ሲዝል ወደ ሌላው አዛውራለሁ። የአሪየት ራስ ጭኔ ላይ ነው። አጥንቱ ይወጋኛል። ያን ስንት ቀን የቀናሁበትን ቀጭን አንገት እንደዚያ ቀረብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ደም ሥሩ ሲመታ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ትንፋሿ ሲከብድ ነርሱን አየዋለሁ። ነርሱ ሰዓቱን ያያል።

የእናቴን መንደር ሳንቆም አለፍን። በዚያች በረንዳ አጠገብ ስናልፍ፣ አሪየት አፏን የከፈተችበት፣ እኔም የዘጋሁባት ጊዜ ትዝ አለኝና ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። «አሪየት፣ ስሚኝ፤ ዘሃራ ነኝ፤ አትተኚ» እላለሁ። አንዳንዴ ጣቴን ትጨብጠኛለች። አንዳንዴ አትጨብጠኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋምቤላ ገባን። ሆስፒታሉ ውስጥ ወደ ውስጥ ይዘዋት ሲገቡ እኔን በር ላይ አስቀሩኝ። እህቷ አባንግ መጣች፤ ባሏ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ተደወለለት። ሰይድም ልጆቹን ጎረቤት ጥሎ መጣ። ሐኪሙ ወጥቶ ካስረዳን በኋላ ሰይድ ራሱን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ደግሞ ልጃገረድ መስላለች አልኩ» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ ካልኩት የእሱ ይሻል ነበር።

አሪየት ሌሊቱን እንዴት እንደምታልፍ ማንም ቃል አልሰጠንም። ጠዋት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ታውቃችኋለች፤ ግቡ። አታድክሟት» አለን። ስገባ ዓይኗን ከፍታ ጣሪያውን ታያለች። «ዘሁ» አለች። በስሜ ጠራችኝ። በአባንግ ስም አይደለም፤ በራሴ ስም።

ብዙ ካገገመች በኋላ፣ ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ነው የተነጋገርነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር እሷ ቀደመችኝ።

«ታምሜያለሁ ብዬ ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ሌሊት ሽንት ብቻ ነው። እግሬ ይደነዝዛል። ጠዋት ደክሞኝ እነሳለሁ። ሐኪም ቤት ልሂድ እላለሁ። ከዚያ ቢሮ እመጣለሁ። ሁሉም ‹አማረብሽ› ይላል። ሰው ሁሉ ‹አማረብሽ› እያለኝ እንዴት ‹አሞኛል› እላለሁ? አፈርኩ። ደግሞ...» ፈገግ አለች፣ «ደግሞ ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።»

የአልጋ ልብሷን ጫፍ አስተካከልኩ።

«አንቺ ደግሞ ቀናሽ። አይቻለሁ። ዘሁ፣ አንቺ አትዋሺም፤ ፊትሽ ይናገራል። ሌላው ሰው ይሸነግለኛል፣ ዘሃራ ከቀናች ግን እውነት አምሮብኛል ማለት ነው አልኩ። ለዚህ ነው የቆየሁት።»

ይህን ያለችኝ ለመውቀስ አልነበረም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ነው የነገረችኝ። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው። ቅናት የቀናተኛውን ሆድ ብቻ የሚያቃጥል ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ግን በእኔ ቅናት ራሷን ስታይ ከርማለች፤ መስተዋቱም «ደህና ነሽ» አላት።

እንግዲህ ምን ተለወጠ?

እኔም ሄጄ ተመረመርኩ። ስኳር የለኝም፤ ግን ሐኪሙ ወደዚያው መንገድ ላይ እንዳለሁ ሳይደብቅ ነግሮኛል። እፍኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነም ጠየቅኩ፤ በአንድ እጅ ነው፣ ያውም የታጠፈ እጅ። አሁን ኦቾሎኒዬን ሰፍሬ በትንሽ ሳህን አወጣና ላስቲኩን ወጥ ቤት ትቼ እሄዳለሁ። ማንጎ አንድ እበላለሁ፤ ተቀምጬ፣ በቢላ ቆርጬ፣ እያጣጣምኩ። ጠዋት ከሰይድ ጋር ወደ ባሮ ድልድይ ወክ እናደርጋለን። ክብደቴ እየወረደ ነው፤ ያቺ ባለሙያ እንዳለችው፣ ቀስ ብሎ። ማንም ኮሪደር ላይ አላስቆመኝም። ይሁን።

አሪየትን ሐኪም ቤት ያስተማሯት የመክሰስ ነገር ከእኔ ይለያል። የኢንሱሊን መርፌዋን ስለምትወጋ ሰዓቷን ጠብቃ መብላት አለባት፤ ምግብ ብትዘል ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች። ስለዚህ ረፋድ ላይ ሁለታችንም ሳህናችንን ከፍተን እንቀመጣለን፤ እሷ የእሷን፣ እኔ የእኔን። የአንዷ መድኃኒት የሌላዋ አይደለም። ብስኩቱ ብቻውን አላሳመማትም፣ ኪያሩም ብቻውን እኔን አያድነኝም፤ ሐኪሙ እንዲህ ነው ያስረዳን።

ቅናቱስ ሄደ? ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አልሄደም። አንድ ቀጭን ሴት ሳይ ዓይኔ አሁንም ወገቧ ላይ ያርፋል። አሁን ግን እዚያ አይቆምም፤ ወደ ፊቷ ይወጣል። እናንተንም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። አጠገባችሁ ያለ ሰው ሳይለፋ፣ ሳይደክም፣ እየበላ እየጠጣ ከከሳ፣ «አማረብሽ» ከማለታችሁ በፊት «ደህና ነሽ?» በሉ። ደህና ከሆነ ምንም አትከስሩም። እናቴ ስትጠይቅ እኔ እንዳደረግኩት ሌላ ሰው እንዳይቀማው ደግሞ መልሱን ከራሱ አፍ ስሙት።

አሪየት ከሕመም ፈቃዷ ወደ ቢሮ የተመለሰች ቀን ጉንጯ ሞልቶ፣ ቆዳዋ አብርቶ ነበር። ያ እኔን ጥንቸል ያለኝ ባልደረባችን በሩ ላይ አያትና፣ «ውይ አሪየት! ወፈርሽ እኮ! ያ ሁሉ ውበት የት ሄደ?» አላት። እኔ ልመልስለት ከወንበሬ ተነሳሁ።

እሷ ግን ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ያ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማው ሳቋ ተመልሶ ነበር።

«አልወፈርኩም» አለችው። «ዳንኩ።»